የወፏ ድርሻ

ፍኖተ ሰላም የስሟ ትርጉም «የሰላም መንገድ» ነው። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ልጠይቅ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ ከጓሮዋ የጠበቀኝ ጦርነት ነበር። በአንድ ወገን አክስቴና የልጅ ልጇ፣ በሌላው ወገን ወፍና ጦጣ ተሰልፈዋል። የጠቡ ምክንያት ሁለት መደብ እንጆሪ ነው።

እንጆሪ ሲባል ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በየአጥሩና በየወንዙ ዳር እሾሁን ዘርግቶ የሚበቅለው፣ በልጅነታችን እጃችን እየተቧጨረ የለቀምነው የአገሩ እንጆሪ ነው። ሁለተኛው በችግኝ የሚተከለው፣ መሬት ለመሬት እየተንሰራፋ የሚያፈራው የፈረንጁ ነው። አክስቴ የተከለችው ሁለተኛውን ነው። ሐሳቧ በኩባያ እየሰፈረች ሸጣ ለልጁ ደብተርና እስክሪብቶ ልትገዛለት ነበር። ነገር ግን ፍሬው ቀላ ባለ ማግስት ወፍ ትቀድማታለች፤ ከወፍ የተረፈውን ጦጣ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ልጁ ወንጭፉን ይዞ ከመደቡ ዳር መዋል ጀመረ። ደብተር ይገዛለታል የተባለው ፍሬ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀረው።

«አዲስ አበባ መድኃኒቱ አይጠፋም፤ ስትመለስ ላክልኝ» አለችኝ አክስቴ። መድኃኒት ያለችው መርዝ ነው። ጎረቤት መክሯት ኖሯል። ደነገጥሁና «ነውር አይደለም ወይ?» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና «አንተማ ፍሬውን ከሱቅ ነው የምትገዛው» አለች። ይህች ቃሏ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

እውነቷን ነው። ወፍ ምንም ያልወሰደችበት ሰው ለወፍ ቢራራ ምን ይደንቃል? ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር በቆሎው እሸት ሲይዝ ገበሬው ማማ ሠርቶ፣ ቀን በወንጭፍና በጅራፍ ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል፤ ሌሊት ከርከሮና ጃርት እንዳይገቡበት እሳት አንድዶ ያድራል። ይህ ለእርሱ የክረምት ሙሉ ልፋቱ ጉዳይ ነው። በቆሎው እሸት የሚይዘው ደግሞ በመስከረም፣ ልክ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወር ነው። ቀን ማማው ላይ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። እንግዲህ አዝመራን መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ወፏ ብቻ አይደለችም።

ለመሆኑ ወፍ ሌባ ናት? ሌብነት የሰው ገንዘብ መሆኑን ማወቅ ይጠይቃል። የአገሩ እንጆሪ ፍሬውን የሚያቀላውና የሚያጣፍጠው፣ ወፍ አይታ እንድትበላለትና ዘሩን ሌላ ቦታ እንድትጥልለት ነው። ማንም ሳይተክለው በየአጥሩ የሚበቅለው በዚህ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከምናያቸው ወይራና ጥድ መካከልም ወፍ የዘራቻቸው አሉ። ቀይ ቀለሙ ለወፏ ግብዣ ነው፤ ተጠርቶ የመጣን ሌባ ማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ግን መደቡን የቆፈረችው፣ ውሃውን ቀድታ ያጠጣችው አክስቴ ናት። ለሁለቱም ሙግት አላቸው።

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው፣ የተጠማች ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ተሥለው እናያለን። ይህ የጻድቅ መንገድ ነው፤ የልጅ ልጅ ለምታሳድግ ሴት ልናዝዘው አንችልም። ለእርሷ የሚቀርባት ኦሪት ዘዳግም ይመስለኛል። የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን እንዲለቅ ያዝዛል። መከላከልና ማጥፋት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ወንጭፍ «ከዚህ ሂጂ» ይላል፤ መርዝ «ከእንግዲህ አትኑሪ» ይላል። መርዝ ደግሞ አይመርጥም። የሞተችውን ወፍ ድመት፣ የሞተችውን ጦጣ ውሻና አሞራ ይበሏታል። ፍሬው ላይ ቢረጭማ ያን ፍሬ ለቅሞ የሚቀምሰው ልጁ ነው።

በ1958 እ.ኤ.አ. ቻይና ድንቢጥን ከአይጥ፣ ከዝንብና ከወባ ትንኝ ጋር ደምራ ዘመቻ ከፈተችባት። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ፣ ወፎቹ ማረፊያ አጥተው ደክመው እስኪወድቁ አሳደዳቸው። ድንቢጥ ግን እህል ብቻ ሳይሆን ተባይም ትበላ ኖሯል፤ እርሷ ስታልቅ ተባዩ በዛ። በ1960 ድንቢጥን ከዝርዝሩ አውጥተው በምትኳ ትኋንን አስገቡ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በከባድ ረኀብ ውስጥ ነበረች፤ የረኀቡ ምክንያት ብዙ ቢሆንም የድንቢጥ መጥፋት አባብሶታል።

መርዙን አልላክሁም። እምቢታዬ ብቻውን ግን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት አይመልሰውም። ስለዚህ መረብ ገዝቼ ላክሁ። አክስቴ በቆለመመችው እንጨት ላይ ወጥራ ጠርዙን በድንጋይ አስያዘችው፤ የላላ መረብ ወፍ አንቆ ይገድላልና። በዙሪያው ነፋስ ሲመታው የሚያጉረመርም የአሮጌ ካሴት ክር ወጠረች። ፍሬውንም ማለዳ ትለቅማለች። ወፏ ተከለከለች፤ ጦጣ ግን መረብ መግለጥ አይሳናትም። ልጁ አሁን የሚጠብቀው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን አክስቴ እንዝርቷን ይዛ ከመደቡ ዳር ትቀመጣለች። ጥቂቱን ጦጣ መውሰዷ አልቀረም።

በአጥሩ ላይ ያለው የአገሩ እንጆሪ መረብ አልለበሰም። «እሱ የወፏ ድርሻ ነው» ትላለች አክስቴ። እኔም ከእርሷ የተማርሁት ይህን ነው፦ ወፏን ማሩ የሚል ሰው የመረቡን ዋጋ ያዋጣ።