ከለውጡ በፊት መመለሻው

በኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚደረግ ለውጥ፣ ማለትም አዲስ ሶፍትዌር መጫን፣ ነባሩን ማደስ ወይም አንድ ቅንብር መቀየር፣ አደገኛነቱ የሚለካው በሚነካቸው ነገሮች ብዛትና ቢበላሽ ወደ ነበረበት ለመመለስ በሚጠይቀው ድካም ነው። ስለዚህም የስጋት ምዘና፣ ይኸውም ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ክብደትና የመድረስ ዕድሉን ሥራው ሳይጀመር ማመዛዘን፣ ጥቃቅን ለሚባሉ ለውጦችም ሊቀር አይገባም።

ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ኩባንያ ላይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 የደረሰው ኪሳራ ለዚህ ማስረጃ ነው። ኩባንያው አስቀድሞ በስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ኮድ እንዲጫን ቢያደርግም አንደኛው ሰርቨር ተዘለለ፤ ሥራውን ሁለተኛ ባለሙያ እንዲያጣራው የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብ ስላልነበረም ጉድለቱን ያየው አልተገኘም። በተዘለለው ሰርቨር ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአገልግሎት የወጣ፣ ግን ያልተወገደ አሮጌ ኮድ ነበር፤ አዲሱ ኮድ ቀድሞ አሮጌውን ያስነሣ የነበረውን ምልክት ለሌላ ተግባር ስለወሰደው፣ ገበያው ሲከፈት የተረሳው ኮድ ነቅቶ ያለማቋረጥ የግብይት ትእዛዝ ይልክ ጀመር። ባለሙያዎቹ ችግሩን ለማቆም ሲጣደፉ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ሰባት ሰርቨሮች አነሡት፤ በዚህም የአንዱ ብልሽት ለሁሉም ተረፈ። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ቢባልም የዚያን ቀኑ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ስለዚህ ለውጥ የሚያቅድ ባለሙያ በሥርዓቱ ላይ የተንጠለጠሉትን አገልግሎቶች፣ ተረስተው የቀሩትንም ጨምሮ፣ መዝግቦ ማወቅ፣ ሥራውን በሌላ ባለሙያ ማስመርመር፣ ለውጡንም በጥቂት ማሽኖች ጀምሮ ውጤቱን እያየ ማስፋት ይገባዋል። ከሁሉም በላይ መመለሻውን፣ ማለትም ሥርዓቱን ወደ ነበረበት የሚመልሰውን መንገድ፣ አስቀድሞ መሞከር አለበት፤ መጠባበቂያ ቅጂ ቢኖርም ከቅጂው ሥርዓቱን መልሶ ማስነሣት እስካልተሞከረ ድረስ አስተማማኝ አይደለም፤ ችግር ሲነሣ ለውጡ ይቁም ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነና ውሳኔው ከየትኛው ሰዓት ማለፍ እንደሌለበትም ቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል።

ኃላፊዎችም ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደሉም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ባወጡ ጊዜ፣ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ እስከማድረግ ደርሷል፤ ይህም የሥርዓት ብልሽት ዳፋ ከኮምፒውተር ክፍል ወጥቶ ደንበኛውንና ቤተሰቡን እንደሚነካ ያሳያል። እንግዲያስ ኃላፊ የሆነ ሰው ፍጥነትን ብቻ ከማወደስ ተቆጥቦ፣ «ገና አልተፈተነምና ይዘግይ» የሚለውን ባለሙያ ሊሰማውና ሊያከብረው ይገባል፤ መመለሻው በግልጽ ያልተጻፈለትን ለውጥም እስኪጻፍለት ድረስ አለመፍቀድ ግዴታው ነው።