የጉድጓዱ ማሽላ

በሚኤሶ ቆላ አንድ የጎበዝ አለቃ ነበረ። ከሂርና በላይ፣ ጨርጨር ደጋ ላይ፣ ጠላቱ የሆነ ባለጸጋ ገበሬ የሦስት ዓመት ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ማኖሩን ሰማ። የሐረርጌ የእህል ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። አፉ በድንጋይና በአፈር ከተደፈነ በኋላ እንግዳ ሰው ላዩ ላይ ቢቆም እንኳ ከእግሩ ሥር እህል መኖሩን አያውቅም።

«ይህ ሰው ከጥቂት ዓመት በፊት ደጃችን ድረስ መጥቶ ወግቶናል» አለ አለቃው። «ስንቁን ካላጠፋንበት ነገም ይመለሳል። በሌሊት ደርሰን ጉድጓዱን እናራቁተው።»

ሰውም እሺ ብሎ ተከተለው። ግመሎቹ ዳገቱን ስለማይችሉት ከሰዎቹ ብዙዎቹ ከግመሎቹ ጋር ቆላው ላይ ቀሩ። «እስክንመለስ ጠብቁን» ተባሉ። የተተወላቸው ስንቅ ግን ጥቂት ነበር።

የቀሩት ዳገቱን ሲወጡ የፍየል በረት አገኙ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የመጣነው ለፍየል ነው?» ብለው ጠየቁ። አለቃው «መንገዳችን ላይ ናት አባባ፣ ምን ያዘገየናል?» አለና ፍየሎቹን አስነዳ። ጭሮ አጠገብ ደግሞ የጫት እርከን ውስጥ ገብተው ለጋ ለጋውን ቀነጠቡ። የጫቱ ባለቤት ምንም አልተናገረም፤ ልጁን በፈረስ ወደ ሂርና ሰደደው። ሂርና ሲቃረቡም አለቃው ፍየሎቹን አሳርዶ ግብር አበላ፤ ጎበዞቹንም «አንተ ፊታውራሪ፣ አንተ ቀኛዝማች» እያለ ሾማቸው።

ጎህ ሲቀድ ከጉድጓዱ ደረሱ። አገሬው ሁሉ ጦሩን ይዞ ጉድጓዱን ከብቦ ቆሟል። አለቃው ጥቂት አይቶ ተመለሰ።

ቆላ የቀሩት ደግሞ ረሃቡ ጠንቶባቸው ነበር። አንድ መንገደኛ «ጦራችሁን አስቀምጡና ኑ፣ እኔ ዘንድ እህል አለ» ቢላቸው ከመካከላቸው ብዙዎች ተከተሉት። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ይህ ነገር በባሕር ላይ ተፈጽሟል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1541 ነው፤ ጉድጓዱ የቱርኮች የባሕር ኃይል የሰፈረበት የስዊዝ ወደብ። በ1538 ከስዊዝ የተነሣ የቱርክ ጦር ሕንድ ድረስ ዘልቆ የፖርቱጋሎችን ምሽግ ዲዩን ከብቦ ነበር። በሕንድ የፖርቱጋል ገዥ ኢስቴቫኦ ዳ ጋማ፣ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ፣ እነዚያን መርከቦች ወደባቸው ላይ ሊያቃጥል ከጎዋ ተነሣ። ትልልቆቹን መርከቦች ምጽዋ ላይ ትቶ በትንንሾቹ ወደ ሰሜን ቀዘፈ። በመንገዱ ሱአኪንን ዘረፈ፤ ቁሴይርን አቃጠለ፤ በሲና፣ ቶር ላይ፣ ለወጣት መኳንንት የፈረሰኛነት ማዕረግ ሰጠ። በሚያዝያ ወር ስዊዝ ሲደርስ የቱርክ መርከቦች ወደ የብስ ተስበው፣ ጠባቂዎቻቸውም ተዘጋጅተው አገኛቸው። አንዲት መርከብ ሳያቃጥል ተመለሰ።

ለዚህ ውድቀት የሰሜኑ ነፋስና የቀይ ባሕር ድንጋያማ ዳርቻ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። እውነት ነው፣ እጅግ አስቸግረውታል። በእኔ እምነት ግን ስዊዝ ያመለጠችው ሱአኪን ላይ ነው። ምሽግን በድንገት ሊይዝ የወጣ ሰው በየወደቡ እሳት እየለኮሰ ከሄደ መምጣቱን የሚያወራበት ራሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የምጽዋው ነው። ገዥው ሲዘገይ ረሃብና ሙቀት ያስመረራቸው አንድ መቶ ያህል ወታደሮች ከድተው ወደ መሀል አገር ወጡ። የኢማም አሕመድ ሰዎች እጅ ወደቁና ተገደሉ። ኢማሙ መናገሻቸው ሐረር ነበረች፤ ዛሬ የጭሮ አስፋልት ወደ ምሥራቅ የሚያደርሰን እዚያው ነው። ገዥው ከተመለሰ በኋላ ወንድሙ ክሪስቶቫኦ 400 ሰዎች ይዞ ከኢማሙ ጋር ይዋጉ የነበሩትን አፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ገባ። እርሱ በ1542 ወፍላ ላይ ድል ሆኖ ተይዞ ተገደለ፤ የተረፉት ጓደኞቹ ግን ኢማሙ በወደቁበት በ1543ቱ የወይና ደጋ ጦርነት ከንጉሡ ጎን ተሰለፉ።

ስለ 400ዎቹ በትምህርት ቤት ተምረናል። የታሪክ መምህራን ሆይ፣ ይህን ምዕራፍ ስታስተምሩ ከእነርሱ በፊት በምጽዋ ዳርቻ ያለ ስንቅ እንዲጠብቁ የተተዉትን መቶዎቹንም ለልጆቻችን ንገሩልን።