የተወረሱ ሯጮች

በየዓመቱ ኖቬምበር ገብቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ብርዱ ሲጠነክር ማንም ያላዘዘኝን ሥራ እሠራለሁ። ኤክሴል ከፍቼ የዋሽንግተን ናሽናልስን የቀጣይ ዓመት ቡልፔን አዋቅራለሁ። ስም በረድፍ፣ ቁጥር በዓምድ። ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ፣ ከገበያ ማን ይምጣ። ቡድኑ አያውቀኝም፣ አይከፍለኝም፣ ምክሬንም አይሰማም። ግን ያው ደጋፊነት ይኸው ነው፤ በማያገባህ ነገር እንቅልፍ ማጣት።

ዘንድሮ ሥራው በዝቶብኝ ነበር። በ2025 ናሽናልስ 96 ጨዋታ ተሸነፈ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁና አሠልጣኙ አንድ ላይ ተባረሩ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ጨዋታ ሲዘጋልን የኖረው ካይል ፊኔገን ወደ ዲትሮይት ሄደ። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከባዶ ጀመርኩት ማለት ይቻላል። ብዙ ስም ሰረዝኩ። ስም መሰረዝ ቀላል ነው፤ ረድፉን መርጠህ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ በቃ። አንድ ስም ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ለምን እንደቆመ ለማስረዳት መጀመሪያ ጨዋታውን፣ ቀጥሎ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ማውራት አለብኝ።

ቤዝቦል ለማታዩ በአጭሩ፦ ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ኳሱን ለተጋጣሚ መቺዎች እየወረወረ 5 ወይም 6 ኢኒንግ ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ክንዱ ይደክማል። ሜዳው ዳር የተከለለች ቦታ አለች፣ ቡልፔን ትባላለች። እዚያ ተራቸውን የሚጠብቁ ሌሎች ወርዋሪዎች ይቀመጣሉ። ስልክ ይደወላል፣ አንዱ ተነስቶ ሰውነቱን ያሟሙቃል፣ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ነገር ሊበላሽ ሲል ነው። ሥራውን በደንብ ከሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ ካበላሸ ግን በማግስቱ ስሙ በሁሉም አፍ ነው። ሌሊት ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል።

የሚገባበት ሜዳ ደግሞ ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። ከሱ በፊት የነበረው ወርዋሪ ያሳለፋቸው ተጋጣሚዎች ቤዝ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ዙሩን ጨርሰው ከገቡ ነጥብ ነው። እነዚህ «የተወረሱ ሯጮች» ይባላሉ። እዚህ ላይ ቤዝቦል በጣም የምወደው አንድ ሕግ አለው፦ ከተወረሱት አንዱ ከገባ ነጥቡ የሚመዘገበው አሁን እየወረወረ ባለው ሰው ላይ ሳይሆን ሯጩን ጥሎ በወጣው ሰው ላይ ነው። ሰውየው ጃኬቱን ደርቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጨዋታው ከእጁ ወጥቷል፣ ሒሳቡ ግን አሁንም እየቆጠረበት ነው።

ይህን ሕግ የተማርኩት በአንድ ሌሊት ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 2019፣ ሂውስተን፣ የዓለም ዋንጫ ብለው የሚጠሩት የፍጻሜ ውድድር 7ኛና የመጨረሻ ጨዋታ። አሜሪካ ከመጣሁ ዓመት አልፎኛል፣ አጎቴ ቤት ነው የምኖረው። አጎቴ ታክሲ ይነዳል፤ ስታዲየሙ ደጃፍ ደንበኛ ሲጠብቅ በሬዲዮ እየሰማ ነው ጨዋታውን የለመደው። የዚያን ቀን መኪናውን አቁሞ ከኔ ጋር ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ናሽናልስ ያኔ በናሽናል ሊግ የመጨረሻውን ቡልፔን ይዞ ነበር የመጣው። በ9 ኢኒንግ ስንት ነጥብ እንደሚያስቆጥሩባቸው የሚለካው ቁጥር፣ ኢአርኤ የሚባለው፣ 5.66 ነበር። በዚህ ቡልፔን ፍጻሜ መድረሱ ራሱ ተአምር ይመስል ነበር።

እስከ 7ኛው ኢኒንግ ሂውስተን 2 ለ 0 ይመራል። ዛክ ግሬንኪ እንደ ሰዓት እየሠራ ነው። ከዚያ አንተኒ ሬንዶን ሆምራን መታ፣ 2 ለ 1። ቀጥሎ ግሬንኪ ሁዋን ሶቶን በነጻ አሳለፈው። 80 ኳስ ብቻ ወርውሮ አሠልጣኙ ኤ.ጄ. ሂንች አስወጣው፣ ዊል ሃሪስም ገባ። ሃሪስ በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር ኢአርኤው 1.50 ነው፣ ማለትም ከምርጦቹ አንዱ። ሁለተኛው ኳሱ ዝቅ ያለች፣ ወደ ውጭ የሸሸች፣ በየትኛውም መለኪያ ጥሩ ኳስ ነበረች። ሃዊ ኬንድሪክ እጁን ዘርግቶ ነካት። ኳሷ በቀኝ በኩል በረረችና የሜዳውን ወሰን የሚያሳየውን ምሰሶ መታች። ትንሽ ወደ ቀኝ ብታዘነብል ከወሰን ውጭ ናት፤ ምንም አልተፈጠረም ማለት ነው። ምሰሶውን ስለመታች ግን ሆምራን ሆነች። 3 ለ 2። ናሽናልስ 6 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

እኔ ሶፋው ላይ እየዘለልኩ አጎቴ ግን ሃሪስን እያየ «አይ ምስኪን! ሌላው ያነደደው እሳት ውስጥ ነው እኮ የገባው» አለ።

በማግስቱ መዝገቡን አየሁት። በአንድ ኳስ የገቡት ሁለት ነጥቦች ለሁለት ሰው ተከፍለዋል፦ የሶቶ ነጥብ በግሬንኪ፣ የኬንድሪክ ነጥብ በሃሪስ። ሽንፈቱ ደግሞ በሃሪስ ስም ተጻፈ። የሂውስተን ደጋፊዎች በበኩላቸው አሠልጣኙን ያዙ፤ ግሬንኪን ለምን አወጣው፣ ቡልፔን ውስጥ የነበረውን ጌሪት ኮልን ለምን አላስገባም ብለው። ታዲያ ያ ሽንፈት የማን ነው? ሶቶን ያሳለፈው? የቀየረው? የወረወረው? ወይስ የምሰሶው?

ፈላስፎች ለዚህ ስም አላቸው፣ የሞራል ዕድል ይሉታል። በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 ስለዚህ ጉዳይ ጎን ለጎን ጽፈዋል። የኔግል ጥያቄ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሹፌሮች ፍሬናቸውን ሳያስፈትሹ ይነዳሉ። አንዱ መንገድ ላይ ሕፃን ገባበት፣ ሌላውን ማንም አልገባበትም። ስንፍናቸው እኩል ነው። ፍርዳችን ግን እኩል አይደለም። ዊሊያምስ ደግሞ ምንም ጥፋት የሌለበትን ሹፌር ያነሳል። ሕፃን ዘሎ ገባበት፣ ማቆም አልቻለም። ሁላችንም «ጥፋትህ አይደለም» እንለዋለን፣ እውነትም ነው። ግን ሹፌሩ ራሱ ቶሎ ብሎ «አዎ፣ የኔ ጥፋት አይደለም» ብሎ ምሳውን ለመብላት ቢሄድ አንድ ነገር ይጎድልብናል። ጥፋተኛ መሆንና ነገሩ «የኔ ነው» ማለት ይለያያሉ ማለት ነው። ሃሪስ ላያጠፋ ይችላል፤ ኳሷ ግን የሱ ናት።

አሁን የኔ ጉዳይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፍያ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ትንሽ ማሻሻያ ጻፍኩ፦ ባንኩ መልስ ካዘገየ ጥያቄው በራሱ ጊዜ እንደገና ይላክ የምትል። ያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢደርስ እንደ አንድ እንዲቆጠር የሚያደርግ መለያ ቁጥር ማስገባት ነበረብኝ። አውቀው ነበር። መሞከርም ነበረብኝ። ግን ማታ ጨዋታ አለ፣ ትኬት ይዣለሁ። ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለቀቅኩትና ወደ ስታዲየም ሄድኩ። ከዚያ በፊትም በብዙ ዓርብ እንዲህ አድርጌ ምንም አልሆነም፤ ፍሬኑን ሳያስፈትሽ ቤቱ በሰላም የገባ ሹፌር ነበርኩ።

ቅዳሜ ሌሊት ተረኛዋ በኮንትራት የምትሠራ ባልደረባዬ ነበረች። ባንኩ ዘገየ፣ ጥያቄ ተጠራቀመ፣ ማንቂያው ጮኸባት። መመሪያው ላይ የተጻፈውን አደረገች፤ ሲስተሙን አጥፍታ አስነሳችው። ሲነሳ የተጠራቀመው ሁሉ እንደ አዲስ ተላከ። ብዙ ደንበኛ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ከፈለ።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራን። ስክሪኑ ላይ የሰዓት ዝርዝር ነበር፣ ከዝርዝሩ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ እሷ ሲስተሙን ያስነሳችበት ደቂቃ ነው። «ማን ነው ያስነሳው?» ተባለ። «እኔ ነኝ» አለች። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ያ ዝምታ የኔ ነበር፤ ለኔ የተተወ ቦታ ነበር። ላፕቶፔን እያየሁ አሳለፍኩት።

በእኛ ሙያ ስለ ብልሽት ስናወራ ሰው አንወቅስም፣ ሲስተሙን ነው የምናስተካክለው የሚል ባህል አለ። ጥሩ ባህል ነው፣ አምንበታለሁ። ሰው ከፈራ እውነቱን ይደብቃል፣ እውነቱ ከተደበቀ ብልሽቱ ይደገማል። ግን ያን ቀን ያንን ባህል መደበቂያ አደረግኩት። ማንም ካልተወቀሰ እኔ መናገር ለምን ያስፈልገኛል? አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወቀሳ ባይኖርም ትዝታ አለ። ከሁለት ወር በኋላ የእሷ ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። ምክንያቱ ያ ሌሊት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ይህን «አላውቅም» ለረጅም ጊዜ እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቤው ተኝቻለሁ።

ወደ ቡልፔኑ ልመለስና፣ ከዚያ ዋንጫ በኋላ ናሽናልስ ለ2020 ቡልፔኑን ሲያዋቅር ማንን እንደወሰደ ታውቃላችሁ? ዊል ሃሪስን። በጃንዋሪ 2020 ለ3 ዓመት በ24 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ገና ከሁለት ወር ገደማ በፊት በሱ ኳስ ዋንጫ ያነሳ ቡድን! ዜናውን ስሰማ ምሕረት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ምሕረት አይደለም፣ በትክክል ማንበብ ነው። አንዷን ኳስ ሳይሆን የገባበትን ሁኔታና ከዚያ በፊት የወረወራቸውን ሁሉ ነው ያነበቡት።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ሃሪስ ተጎዳ፣ ቀዶ ጥገና አደረገ፣ በሦስቱ ዓመታት ብዙም ሳይወረውር ቀረ። የ2019ኙን የመጨረሻ ኳስ የወረወረው ዳንኤል ሃድሰንም እንደገና ፈርሞ በ2020 ኢአርኤው 6.10 ሆነ። በዚያ በ60 ጨዋታ ባጠረ ዓመት ቡድኑ 26 አሸንፎ 34 ተሸነፈ። አንድ የቡልፔን ወርዋሪ በዓመት የሚወረውረው 60 ወይም 70 ኢኒንግ ነው፤ በዚህ ትንሽ ናሙና ላይ ሁለት መጥፎ ሌሊት ቁጥሩን ገልብጦት ያድራል። ክንድ ደግሞ ክንድ ነው፣ ይበጠሳል። ስለዚህ ሰውን በትክክል ማንበብ የሚያሸልም ነገር አይደለም። የምታነበው ስለሚከፍልህ ሳይሆን ስለሚገባው ነው።

የወደድኩት ሕግም ሙሉ አይደለም። ሦስት ሯጮች ተረክቦ ሦስቱንም ያስገባ ወርዋሪ ኢአርኤው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ዕዳው በሙሉ ወደ ሌላ ሰው ሄዷል። ለዚህ ነው ከተወረሱት ስንቱ እንደገቡ የሚያሳየውን ቁጥር አብሬ የማየው። ሁለቱን አስተያይተህም ግን የሚቀር ነገር አለ። ሒሳብ መከፋፈል የሚችለው መዝጋቢው ያየውን ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ሯጩን 40 ሺህ ሰው ያየዋል። ቢሮ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ፣ በወንድማማች መካከል ጥለነው የሄድነውን ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው እኛው ብቻ ነን። እዚያ መዝጋቢ የለም። ወይ «ይሄ የኔ ነው» እንላለን፣ ወይ ተረኛው ይሸከመዋል።

እጄ የቆመባት ረድፍ የአንድ ወጣት ወርዋሪ ናት። ቁጥሩ አያምርም። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ይህ ልጅ ስንት ጊዜ የሌላ ሰው ሯጮች መሀል እንደገባ አለማየቴ ትዝ አለኝ። ቀጥላ ባልደረባዬ ትዝ አለችኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁ።

ያን ሌሊት ጻፍኩላት። ማሻሻያው የኔ እንደነበር፣ አለመሞከሬን፣ ስብሰባው ላይ ዝም ማለቴን። ይቅርታ ስጠይቅ ለማቃለል እንዳልሞክር ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት። በማግስቱ መለሰች። «ያን ሌሊት እኮ የኮዱን ታሪክ አይቼዋለሁ፣ ስምህ ነበር። አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ» ይላል። ከዚህ ሌላ አዲሱ ሥራዋ ጥሩ እንደሆነ ጽፋለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ። ርዕሱ «ምን ተረክቦ ገባ?» ይላል። ለእያንዳንዱ ስም ጨዋታ በጨዋታ እየሞላሁት ነው፣ ብዙ ማታ ይፈጃል። የወጣቱ ልጅ ረድፍ አለች። ቁጥሩ አሁንም አያምርም፤ ምናልባት ጃንዋሪ ላይ እሰርዘው ይሆናል። ከሰረዝኩት ግን ዓምዱን ሞልቼ፣ አንብቤ ነው።