የመንገደኛ ዋስ

ስለ ባንኮክ ወይም ስለ ኢስታንቡል የጉዞ ምክር ያነበበ ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ያውቀዋል። ታክሲ ከያዝክ ቆጣሪው መሥራቱን አረጋግጥ። ቱክ ቱክ ላይ ከመውጣትህ በፊት ዋጋ ተነጋገር። ገበያ ውስጥ የተጠራልህን ዋጋ ግማሽ አድርገህ ጀምር። "ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳይህ" የሚልህን ሰው አትመን። ዱባይ ለመዝናናት፣ ጓንጁ ለንግድ፣ ባንኮክ ለሕክምና የሄደ ሀበሻ ሁሉ ይህን ወይም የዚህን ዘመድ ሰምቶ ነው የተነሳው።

ምክሮቹ ውሸት አይደሉም። ግን በአንድ ላይ ደርድራችሁ ስታነቧቸው የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ከተማዋን እንድንወድ የተጻፉ ናቸው፤ የከተማዋ ሰው ግን በውስጣቸው የሚመጣው ወይ አጭበርባሪ ሆኖ ነው፣ ወይ አገልጋይ ሆኖ። የምክሩ ሁሉ ማሰሪያ "ማንንም ሳትፈልግ ተዝናንተህ ተመለስ" የሚል ነው።

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ እንጀራዬም ከዚሁ ምኞት ጋር የተያያዘ ነው። የምንሠራቸው አፕሊኬሽኖች አብዛኞቹ ሰው ከመጠየቅ የሚገላግሉ ናቸው። ካርታው መንገድ ከመጠየቅ፣ የታክሲው አፕ ዋጋ ከመነጋገር፣ ተርጓሚው ቋንቋ ከመማር፣ ባለ አምስት ኮከቡ አስተያየት ደግሞ "የት ይሻላል?" ብሎ ከመጠየቅ ይገላግሉናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሥራዬንም አላናንቅም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማንንም ያልፈለግንበት ጉዞ ጥሩ ጉዞ ነው?

ጥያቄውን ከኢስታንቡል አውርደን ጅጅጋ ላይ እንሞክረው። አሁን አሁን በእኔ ዕድሜ ያሉ የአዲስ አበባ ልጆች በረዘመ ቅዳሜና እሁድ ወደ ምሥራቅ መውጣት ጀምረዋል፤ ምክሩም ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል። በአውሮፕላን በቀጥታ ጅጅጋ መግባት ይቻላል። ጊዜ ያለው እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሄዶ፣ ሐረር አድሮ፣ በባቢሌ በኩል ይቀጥል። ከባቢሌ በኋላ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ድንጋይ በሌላው ጫፍ ላይ "አሁን ወደቀ" እያሰኘ የቆመበትን ቦታ በመስኮት ማየት ነው። ከዚያ ካራማራ፣ ከዚያ ሜዳው፣ ከዚያ ከተማው። ውስጥ ለውስጥ ባጃጅ አለ። ገበያ በጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ከተማው ለጫትና ለዕረፍት ይቀዘቅዝና ሲመሽ ደግሞ ይነቃል። ቅመም የበዛበት የወተት ሻይ አይታለፍም፤ የግመል ወተት ለለመደ ነው።

እስከዚህ ጥሩ። የምክሩ ሁለተኛ ክፍል ግን ድምፁ ይቀየራል። "ብዙ አትግባቡ። ዋጋ ይጨምሩባችኋል። አማርኛ የሚችል ፈልጉ፣ ካልሆነ ዝም በሉ።" ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ጅጅጋ ላይ በተነሳው ሁከት ሰዎች ተገድለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ያን የሰማች እናት ልጇ ወደዚያ ሲነሳ ብትጨነቅ አይፈረድባትም። ከዚያ በፊትም 1970 አለ። ካራማራ ለእኔ የትምህርት ቤት መዝሙርና የድል ቀን ነው፤ ተራራው ሥር ላደገ የጅጅጋ ሰው ግን ጦርነት በቤቱ ላይ ሄዶ የተመለሰበት ዓመት ነው። እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ የአማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይገባም። ባያውቀውም ታሪክ ይዞ ነው የሚገባው።

ታዲያ እንዲህ ያለ መንገደኛ በምን ይግባ? እዚህ ላይ የሶማሌ ሕዝብ ከማንኛውም የጉዞ ድረ ገጽ በፊት ያሰበበት መልስ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዘይላ ወይም ከበርበራ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚሄድ ነጋዴ ዝም ብሎ መንገድ አይጀምርም ነበር። በመጀመሪያ "አባን" ይይዛል። አባን የአካባቢው ሰው ነው። ደላላው፣ አስተርጓሚው፣ ጠባቂው እሱ ነው፤ ለዚህም ድርሻውን ይወስዳል። እንግዳው ከተነካ የተነካው አባኑና ጎሳው ነው። የእንግዳው ጠብ የእሱ ጠብ ነው። በአንድ የአማርኛ ቃል ካላችሁኝ ዋስ ነው።

ነገሩ ለእኔ ሙያ እንግዳ አይደለም። በአንዳንድ ብሮውዘሮች ላይ የምታዩት ትንሽ የቁልፍ ምልክት የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ብሮውዘሩ ድረ ገጹን በዓይኑ አያውቀውም፤ የሚያምነው የታወቀ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት ስለፈረመለት ነው። ፈራሚውም ስሙን አስይዟል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የሚባለው የሆላንድ ድርጅት ተሰብሮ በስሙ የሐሰት ሰርተፊኬት ሲወጣ ብሮውዘሮች ከታማኞች ዝርዝር አስወጡት፤ በዚያው ዓመት ከሠረ። ዋስ ማለት ይህ ነው፤ የሌላው ጥፋት የእሱን ስም ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

የአባን ሥርዓት ከእንግዳ ተቀባይነት ወሬ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። "የእገሌ ሕዝብ እንግዳ ወዳድ ነው" ስንል ሥራውን ሁሉ ለአስተናጋጁ ሰጥተን እኛ ቁጭ እንላለን። ዋስ ግን ሁለቱንም ያስራል። አንድ ሰው ስለ እኔ ከመለሰ እኔም ለእሱ እመልሳለሁ። ጥፋቴ እንደ ጭስ አይበተንም፤ የሚያርፍበት ፊት አለው።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። አብሮኝ የሚሠራ የጅጅጋ ልጅ አለ። ልሄድ ስነሳ የአጎቱን ስልክ ሰጠኝና "ስማ፣ እዚያ የምታደርገው ሁሉ በእኔ ስም ነው የሚጻፈው" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ግን ቀልድ አልነበረም። ሦስቱን ቀን በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው የተመራሁት። ባጃጅ ላይ 20 ብር ሲጨመርብኝ መከራከር እችል ነበር፤ ተከራከርኩም። ግን የምከራከረው ነገ አጎትየው ፊት ሊነገር እንደሚችል ሰው ሆኜ ነው። ፎቶ ለማንሳት ስልኬን ከማውጣቴ በፊት ፈቃድ ጠየቅኩ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ከተማው ሰው የመጣልኝን ፍርድ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ብዙ ሰው አማርኛ ይሰማል።

ልጁ ሌላም ነገር አስተካክሎልኛል። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቃት አንዲት የሶማሊኛ ቃል "ዋርያ" ናት። እኛ ሕዝቡን መጥሪያ አድርገናታል፤ በቋንቋው ግን "አንተ ልጅ፣ ስማ" እንደማለት ናት፤ ለአዛውንት አትባልም። በዕድሜ ለገፋ ሰው "አዴር"፣ ለእናቶች "ኢዶ" ይባላል፤ አጎቴ፣ አክስቴ ማለት ነው። እንኳን ደህና መጣህ የሚሉበት ቃል ደግሞ "ሶ ዳዎው" ነው፤ ቃል በቃል "ቅረብ" ማለት ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት ለመያዝ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ሙግት አለ፤ ጠንካራም ነው። አንደኛ፣ የዋስ ሥርዓት ዘመድ የሌለውን ያስቀራል። ጅጅጋ ማንንም የማታውቅ ልጅ ብቻዋን ብትሄድስ? ለእሷ ቋሚ ዋጋና ካርታ ነፃነት ነው። ሁለተኛ፣ ዋስ የመጠየቅ ልማድ ይከፋል። ያው የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ቤት ሊከራይ ሲዞር ስሙንና አነጋገሩን የሰሙ አከራዮች "ማን ያውቅሃል?" እያሉ ሲያመላልሱት ከርሟል። እሱን ያስቀረው ያው ዋስ የሚባለው ነገር ነው።

ሁለቱም እውነት ነው። ለዚህ የሚረዳኝ አማኑኤል ካንት ነው፤ ከትውልድ ከተማው ከኬኒግስበርግ ብዙም ርቆ ያልሄደ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ ሁለት ነገር ለየ። ማንም ሰው በሰላም እስከመጣ ድረስ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው። ተስተናግዶ የመኖር መብት ግን የለውም፤ ያ ስምምነት ይጠይቃል። አውሮፓውያን "ጎበኘን" እያሉ አገር ስለያዙም ቻይናና ጃፓን በራቸውን ማጥበባቸውን ብልህነት ነው ብሎታል።

ልዩነቱን እኔ በራሴ ቋንቋ እንዲህ አደርገዋለሁ። የተቸገረ ዋስ አይጠየቅም፤ የሚዝናና ግን ራሱን ይጠይቅ። በ1980 ሐርጌሳ ስትደበደብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ በጅጅጋ ዙሪያ ሰፈረ፤ ሃርቲሼክ በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆኖ እስከ 1996 ቆየ። ያ ሁሉ ሰው "ዋስህ ማነው?" ቢባል ግፍ ነበር። ቤት የሚፈልገው ባልደረባዬም መኖሪያ እንጂ መዝናኛ አይደለም የፈለገው። እኔ ግን ለሦስት ቀን የሄድኩት ደስ እንዲለኝ ነው። ለደስታው ሲል የሄደ ሰው ቢያጠፋ የሚያፍርለት ሰው እንዲኖረው መፈለግ ያለበት ራሱ ነው፤ ሌላው ሊያስገድደው አይገባም።

ያለዚህ ምን እንደምንሆን ለማየት ሪቻርድ በርተንን ማስታወስ ነው። እንግሊዛዊው እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሳ፤ በሶማሌ አጃቢዎች ተጠብቆ የሶማሌን ምድር አቋርጦ ጥር 1855 ሐረር ገባ። በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ግን የአባንን ሥርዓት አማረረ፤ የጠበቁትንም ሕዝብ በብዙ ቦታ በንቀት ገለጸ። በሰው ስም ገብቶ የሰውን ስም አጠፋ። ዛሬ በሁለት ቀን ቆይታ ስለ አንድ ከተማ ሕዝብ ባለ አንድ ኮከብ ፍርድ የሚለጥፍ ሰው የእሱ የልጅ ልጅ ነው፤ ያውም በርተን ቢያንስ በስሙ ነው የጻፈው።

የአባን ድርሻም ነውር አልነበረም። የጅጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገራድ በዊልዋል ስም ነው። በሶማሌ ተረት ዊልዋል ሰዎቹን "ሰውን የሚያፋቅርም የሚያጣላም የበግ ብልት አምጡልኝ" ይላቸዋል። ሌላው ጥሩ ጥሩ ሥጋ ሲያመጣ የአንድ ድሃ ልጅ ጉሮሮ አስላከች። ያካፈሉት ያፋቅራል፣ ብቻቸውን የዋጡት ያጣላል። 20 ብሩም እንደዚያው ነው። የሚያጣላን ብሩ ሳይሆን ሰውየው እንዲበላ ሳንፈልግ በእሱ ከተማ መጥገባችን ነው።

ስለዚህ የጉዞ ምክሬ አጭር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት "እዚያ ባጠፋ ማን ያፍራል?" በሉ። መልሱ "ማንም" ከሆነ ሻንጣችሁ ገና አልሞላም። ዘመድ ግድ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን የወሰደቻችሁ ባለ ባጃጅ፣ ያረፋችሁበት ቤት እናት፣ ጠዋት ጠዋት የምትጠጡበት ሻይ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቴ ሄዶ ስም መለዋወጥ ይበቃል። ከዚያ ደግሞ ተራው ይመጣል። ከጅጅጋ፣ ከሽንሌ ወይም ከቀብሪበያህ የመጣ ልጅ ሰፈራችሁ ቤት ሲፈልግና አከራይዋ "ማን ያውቀዋል?" ስትል፣ "እኔ አውቀዋለሁ፣ እማማ" የሚል ሰው ያስፈልጋል።