መስቀለኛ መንገድ ላይ ለምትደርሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው መንጃ ፈቃድ ከያዛችሁ ብዙ ላልቆያችሁና በቅርቡ ለምትይዙት ነው። ማርሽ አቀያየሩንና ፍሪሲዮን አያያዙን አስተማሪያችሁ አሳይቷችኋል። እኔ የማወራችሁ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ከመንገድ ስለሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ ስትደርሱ ሕይወታችሁ በማታውቁት ሰው እጅ ትገባለች፤ የእሱም በእናንተ እጅ። ሰውየው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ደክሞት ይሆናል፣ ስልክ እያወራ ይሆናል፣ የታመመ ልጁን ሐኪም ቤት እያደረሰ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ፣ ሌላው ሰው ቢሳሳት እንኳ ሁለታችሁም በምትተርፉበት ፍጥነት እንድትገቡ ነው።

ፍጥነት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አደጋውን አይታችሁ እግራችሁ ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያቺ አንድ ሴኮንድ ታልፋለች፤ መኪናው ገና ምንም አልቀነሰም። በ30 የሚሄደው ግን፣ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነና ፍሬኑ ደህና ከሆነ፣ በዚያው 14 ሜትር ውስጥ አይቶ፣ ረግጦ፣ ቆሞ ይጨርሳል። በ30 የመጣው በቆመበት ቦታ ላይ በ50 የመጣው ፍሬን መርገጡን መጀመሩ ነው። መሐል ላይ አንድ ሰው ቢኖር የሚሆነውን እናንተው አስቡት።

የዚህ ከተማ ትልቁ ሐዘን እግረኛው ነው። መኪና ከሚገድላቸው ነዋሪዎች አብዛኞቹ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው፤ ስለዚህ መስቀለኛ ስትደርሱ ከመኪናው ይልቅ ሰውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ሚኒባስ ታክሲ ማቋረጫው አፍ ላይ ይቆማል። ረዳቱ «ወራጅ አለ» ብሎ በሩን ከፍቷል። በግራው በኩል መንገዱ ነፃ ይመስላል፣ ከኋላችሁ ያለው ደግሞ ክላክስ ይነፋባችኋል። በዚያች ቅጽበት ከታክሲው የወረደች ተማሪ በታክሲው አፍንጫ ፊት ዞራ ወደ እናንተ ረድፍ እየወጣች ነው። እሷ እናንተን አታይም፣ እናንተም እሷን አታዩም፤ ታክሲው ሁለታችሁንም ጋርዷችኋል። ማቋረጫ አጠገብ የቆመ መኪና ስታዩ ሰው ሊያሳልፍ እንደቆመ ቁጠሩት፤ ከፊቱ ያለውን አስፋልት ዓይናችሁ ሳያየው አትለፉት። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ ዝቅ ብላችሁ ከመኪናው ሥር ተመልከቱ። ሙሉ ሰው ባይታይም እግር ይታያል፤ የልጅ ጫማ፣ የነጠላ ጫፍ፣ የከዘራ ጫፍ። በዚያች ጭላንጭል ብቻ ፍሬን የያዘ ሾፌር ስንት ሰው እንዳተረፈ እግዚአብሔር ይወቀው።

ለሽማግሌና ሸክም ላለበትም ሰው ጊዜ ስጡ። ሃያ ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ጎልማሳ ሰው በ17 ሴኮንድ ገደማ ያቋርጠዋል፣ አዛውንት ግን 25 ሴኮንድ ሊፈጅባቸው ይችላል። መስቀል አደባባይን በመሰለ ሰፊ ቦታ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። መሐል ላይ ደርሰው መብራቱ ቢቀየርባቸው ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ክላክስ አትንፉባቸው፤ ይደነግጣሉ፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም።

አደባባይ ላይ እንምጣ። አራት መንገድ በቀጥታ ሲጋጠም መኪኖች እርስ በርስ ሊጋጩ የሚችሉባቸው ነጥቦች 32 ናቸው ይላሉ የመንገድ መሐንዲሶች። ቦታው ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ሲሆን ወደ 8 ይወርዳሉ። ስለዚህ አደባባይ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ የሚያበላሸው አገባባችን ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቅድሚያው አስቀድሞ ለገባው፣ ከግራችሁ እየዞረ ለሚመጣው ነው። በእኛ ከተማ ግን አፍንጫውን ያስቀደመ ያልፋል፣ የጠበቀ ይንቋሸሻል። ቅድሚያ መስጠትን እንደ ሽንፈት መቁጠራችን በጣም ያሳዝነኛል። እናንተ ይህን አትውረሱ። ባለ ብዙ ረድፍ አደባባይ ከሆነ ረድፋችሁን ሳትገቡ በፊት ምረጡ፦ በቅርቡ የምትወጡ ከሆነ የውጩን፣ ዞራችሁ የምትሄዱ ከሆነ የውስጡን። ከውስጥ ረድፍ በአንድ ጊዜ ሰብሮ መውጣት የብዙ ግጭት ምክንያት ነው። መውጫችሁ ካለፋችሁ አንድ ዙር ጨምሩ፤ የምታጡት ግማሽ ደቂቃ ነው። ስትወጡም ፍሬቻ አሳዩ፤ ለመግባት የሚጠብቀው ሰው ሐሳባችሁን ከፊታችሁ ሊያነብ አይችልም።

መገናኛን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ማምሻውን ሁሉም ገብቶ ሁሉም ይቆማል። መውጫችሁ ላይ ለመኪናችሁ የሚበቃ ቦታ ከሌለ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ አትግቡ። መሐል ላይ የተዘጋ መስቀለኛ ውስጥ እግረኛው በመኪኖች መካከል እየተሹለከለከ ነው የሚያልፈው፣ ሞተር ሳይክሉም እንዲሁ፤ መጨናነቁ ሲለቀቅ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈተለካል።

መብራትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ቢጫ ቁሙ ማለት ነው እንጂ ፍጠኑ ማለት አይደለም። አንዳንዱ መብራት ሴኮንድ ይቆጥራል፤ ቀዩ ሊያልቅ ሦስት ሲቀረው መንሸራተት የጀመረ ሾፌር በቢጫ ሊያልፍ ከሚሮጠው ጋር መሐል ላይ ይገናኛል። አረንጓዴ ሲበራላችሁ ግራና ቀኝ አይታችሁ ተነሱ። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ከሆነ መብራቱን ተዉትና የእሱን እጅ ተከተሉ። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ መብራቱ ካልሠራ ደግሞ ሁሉም ሰው ቅድሚያ የእኔ ነው ብሎ ሊመጣ እንደሚችል ቆጥራችሁ ቀርባችሁ ቁሙ፣ ከዚያ እለፉ።

ወደ ግራ ልትታጠፉ መሐል ላይ ቆማችሁ ከፊት የሚመጣውን ስትጠብቁ መሪያችሁን አስቀድማችሁ አታዙሩ። ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆይ። ከኋላ አንዱ ቢገፋችሁ ቀጥ ያለ ጎማ በራሳችሁ ረድፍ ወደፊት ይወስዳችኋል፤ የተጠመዘዘ ጎማ ግን ከፊት ለፊት በሚመጣው መኪና ሥር ይጥላችኋል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው።

ሲኖትራክ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በቀኙ አትግቡ። የኋላ ጎማው የፊቱን ተከትሎ አይሄድም፤ ወደ ማዕዘኑ እየቆረጠ ነው የሚገባው፣ ከከፍታውም የተነሳ ሾፌሩ ከጎኑ ሥር ያለውን አያይም። በስፖኪዮው ውስጥ የሾፌሩ ፊት ካልታያችሁ እሱም እናንተን አላያችሁም። ባጃጅና ሞተር ለምትነዱት ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። እናንተም የቤት መኪና ይዛችሁ ስትታጠፉ ማዕዘኑን ሰፊ አድርጋችሁ በፍጥነት አትክበቡት። ለቡ መጋጠሚያ ላይ ከዓመታት በፊት ማዕዘኖቹን በቀለም አጥብበው ለእግረኛው መቆሚያ ያሰፉት ለዚሁ ነበር፤ ማዕዘን ሲጠብ መኪና ሳይወድ ይቀንሳል። መንገዱ ያልጠበበበት ቦታ ላይ ፍሬን በያዘ እግራችሁ አጥብቡት።

ፀሐይንም አትርሱ። ጠዋት ከመገናኛ ወደ አያት ስትሄዱ ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ነው፤ ማታ ስትመለሱም እንዲሁ። ሰው የሚዘናጋው ግን ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ነው። እናንተ ሁሉን ነገር ጥርት አድርጋችሁ ታያላችሁ፤ ከፊት ለፊታችሁ መጥቶ ወደ ግራ ሊታጠፍ ያሰበው ሾፌር ግን ብርሃን እንጂ መኪናችሁን አያይም። በዚያ ሰዓት የእናንተን መንገድ ቆርጦ ቢገባ አትደነቁ፤ አስቀድማችሁ ቀንሱ። ክረምት ሲገባ የሚዘንበው የመጀመሪያው ዝናብም ከሁሉ የከፋ ነው። የበጋው አቧራና ከመኪና የተንጠባጠበው ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ያሙለጨልጨዋል፣ በተለይ መኪና እየቆመ በሚነሳበት የመብራት ሥር። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርዱ በዚያ ቀን ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ እንዲይዛችሁ አድርጉ፤ ሁሉን ሸክም ፍሬኑ ላይ አትጣሉ።

መኪና የሌላችሁም ይህን ስታነቡ የእኔ ጉዳይ አይደለም አትበሉ። ታክሲ ውስጥ ተሳፍራችሁ ሾፌሩ ቀይ መብራት ሊጥስ ሲል፣ ወይም በማቋረጫ ላይ ሰው ቆሞ እያለ ሲገፋ፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ አንቸኩልም» በሉት። በትሕትና በሉት፤ ግን በሉት። አንዱ ሲናገር ከኋላ ያሉት እናቶች ያግዟችኋል፣ ሾፌሩም ቢያጉረመርም እግሩን ያነሳል። መውረጃችሁ ማቋረጫው ላይ ከሆነም ትንሽ አልፎ እንዲያወርዳችሁ ጠይቁት፤ ወርዳችሁም በታክሲው ፊት አትሻገሩ፣ ሄዶ መንገዱ እስኪገለጥላችሁ ጠብቁ።