ሠርቶ ዘወር ማለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንጀራ የምናላምጥበት መንጋጋ ጥርስ እንዴት እንደሚበጅ ብንመረምር ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ሕፃን ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ጥርሱ በድዱ ውስጥ እንደ እምቡጥ ይጀምራል። በእምቡጡም ጥቂት ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። እነርሱ ራሳቸው አይባዙም፤ በዙሪያቸው ላሉት ግን መልእክት እየላኩ እንዲያድጉና እንዲታጠፉ ያደርጋሉ። ይህ ስብስብ ካልተሠራ ጥርሱ ከእምቡጥ አያልፍም። ሥራቸው ሲፈጸም ግን አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የጥርሱ ጉብታዎች በሚወጡበት ቦታም ሌሎች ተነሥተው ሥራውን ይቀጥላሉ።

ይህ ሞት ከቁስል ወይም ከበሽታ የመጣ አይደለም፤ በሥርዐት የሚፈጸም ነው። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1972 ከግሪክ ቋንቋ ወስደው «አፖፕቶሲስ» ብለው ሰየሙት፤ ቅጠል ከዛፍ እንደሚረግፍ መርገፍ ማለት ነው።

የጥርሱን ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። በሰውነታችን ካለው ሁሉ የጠነከረውን ይህን ሽፋን ሲሠሩ ሳሉ ከፊሎቹ ይሞታሉ፤ የቀሩትም ጥርሱ ድድን ፈልቅቆ ሲወጣ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሽፋኑ ቢሸረፍ መልሶ የሚያበቅለው የለም። እነርሱ ሄደዋል፤ ሥራቸው ግን ዕድሜ ልክ ያገለግለናል።

ወገኖች ሆይ፤ ሕዋስ ፈቃድ የለውም፤ ለእኛ ግን ፈቃድ ተሰጥቶናል። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። መዝሙር ለምናስጠና፣ ሕፃናትን ለምናስተምር፣ ታናናሾቻችን ደርሰው ቦታውን የምንለቅበት ቀን ሲመጣ ልብ ይከብዳል። «ያለ እኛ ይፈርሳል» የሚል ሐሳብም ይመጣል። መጥምቁ ዮሐንስ ግን ሕዝቡ ወደ ክርስቶስ ሲሄድ ባየ ጊዜ ደስ አለው እንጂ አልቀናም።

ይህን ስንል ሕይወትን መናቅ ወይም ከአገልግሎት መሸሽ ማለታችን አይደለም። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ናት። ሥራን ሳይፈጽሙ መጥፋት አንድ ጉዳት ነው፤ ከፈጸሙ በኋላ ሙጥኝ ማለትም ሌላ ጉዳት ነው።

እንግዲህ እያንዳንዳችን አንድ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት እንምረጥ። የምናውቀውን ዜማ፣ የምናውቀውን ትምህርት ሳንሰስት እናስረክብ። ስማችን ቢረሳ እንኳ ዝማሬው አይቋረጥ። ለዚህም አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።