ጸሎትና ግራሶ

ክረምት ላይ በካፋ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ የሚወርድ መኪና ሳይጸለይለት አይነሳም። አንዱ ሾፌር አማትቦ፣ ሌላው ቢስሚላህ ብሎ ሞተር ያስነሳል። በመስታወቱ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ወይም የቁርኣን ጥቅስ ተለጥፏል። አጠገቡ ቦሎ አለ፤ መኪናው የዓመቱን ምርመራ ማለፉን የሚመሰክር ወረቀት። ሁለቱ ያለ ጠብ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጠቡ የሚነሳው መኪናው መንገድ ላይ የቀረ ዕለት ነው። አንዱ ተሳፋሪ “ቀኑ ነው” ሲል ሌላው “ቀድመህ አላየኸውም?” ይላል። ሰው የራሱን ድርሻ የት ድረስ ነው የሚወጣው? ለፈጣሪ የሚተወውስ ከየት ይጀምራል?

ጥያቄው ከሰማይ ወርዶ በአንድ ቁራጭ ላስቲክ ላይ ሊታይ ይችላል። ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን በሚያሽከረክርበት መኪና፣ ለምሳሌ አዲስ አበባን በሞላው ቪትዝ፣ ከካምቢዮ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ በሁለቱም ጫፉ መጋጠሚያ አለው። የውጪው መጋጠሚያ ጎማው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢታጠፍ፣ ጉድጓድ ገብቶ ቢነጥርም ኃይሉን ሳያቋርጥ ያደርሳል። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ይህ ዓይነት መጋጠሚያ በውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች ይዟል። ኳሶቹ በግራሶ ውስጥ ተነክረው ይኖራሉ። ግራሶውን ከውስጥ የሚይዘው፣ ጭቃውን ከውጭ የሚከለክለው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ላስቲክ ነው።

ላስቲኩ የተቀደደ ዕለት መኪናው አይቆምም፤ ተንኮሉም ይኸው ነው። ግራሶው በጎማው ጀርባ ይረጫል፤ ውሃና አሸዋ ይገባል፤ አሸዋው ብረቱን መብላት ይጀምራል። ሰንበት ብሎ መሪ ሲጠመዘዝ “ቀጭ ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ ላስቲክ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ መጋጠሚያው ራሱ መለወጥ አለበት። ድምፁም የተናቀ እንደሆነ መጋጠሚያው ይሰበርና ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድም ይላል። ሾፌሩ “ቀኑ” ያለው ቀን፣ እንግዲህ፣ ወራት ሙሉ ድምፁን እያሰማ የመጣ ቀን ነው።

መሣሪያና ግማሽ ቀን ያለው ሰው ላስቲኩን በግቢው ውስጥ ሊቀይረው ይችላል። የዘንጉ ትልቁ ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ይላላል። ከዚያ መኪናው ይነሳል፤ ጎማው ይወልቃል፤ የታችኛው ቦል ጆይንት ተላቆ ዘንጉ ይወጣል። አሮጌዎቹ ማሰሪያዎች ተቆርጠው መጋጠሚያው በመዶሻ እየተነካካ ከዘንጉ ይለያል። ቸኩሎ የማይሠራው ክፍል የሚቀጥለው ነው፦ የቆሸሸውን ግራሶ ጠርጎ መጨረስ፣ ኳሶቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ የተቦረቦረ እንዳለ ማየት። አዲሱ ላስቲክ መጋጠሚያው ከመመለሱ በፊት ዘንጉ ላይ መግባት አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሥራውን ሁለቴ ይሠራል። በመጨረሻም ለዚሁ የተዘጋጀው ጥቁር ግራሶ ተሞልቶ ማሰሪያው ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ግን መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል። “እሱ ይጠብቀኛል” ብሎ የሚገባ ሰው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። እዚያ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል የሚለው ፈታኙ ነው። ኢየሱስ አልዘለለም።

በዚህ ነገር መጻሕፍቱ ከሚታሰበው በላይ ይስማማሉ። ቲርሚዚ ባስተላለፉት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሌን ልሰራት ወይስ በአላህ ተማምኜ ልተዋት ብሎ ቢጠይቅ፣ ነቢዩ አስረህ ተማመን ብለውታል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላ ሰው ወድቆ እንዳይሞትበት ጣሪያውን በመከታ እንዲከብ ያዛል። ትእዛዙ ለባለቤቱ መሆኑን ልብ ይሏል። በአገራችን የሚነዳው አንድ፣ ባለንብረቱ ሌላ የሆነበት መኪና ብዙ ነው። ገንዘብ አጥቶ በተቀደደ ላስቲክ የሚነዳ ሾፌር “እግዚአብሔር ያውቃል” ቢል ተስፋው ነው እንጂ ስንፍናው አይደለም። ተጠያቂው የዕለቱን ገቢ ተቀብሎ የመለዋወጫውን የነፈገው ሰው ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ በምዕራፍ 38 ስለ ብረት ሠሪው ይናገራል፤ እሳቱ ሥጋውን ሲያቀልጠው፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ሲያደነቁረው። በሸንጎ ባይቀመጥም ያለ እሱ ከተማ አይቆምም፤ ጸሎቱም በሙያው ሥራ ውስጥ ነው ይላል። ይህን መጽሐፍ የሚያነብ አገር ባለ እጁን ሲንቅ መኖሩ ይገርማል። ንቀቱ ሥር ስለ ሰደደ ነው አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት። በካፋም ቀጥቃጩ ዝቅ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል።

ካፋ የሰውንና የፈጣሪን ድርሻ ጥያቄ መኪና ሳይገባባት በፊትም ታውቀዋለች። በ1859 እ.ኤ.አ. የገባው፣ በ1861 የተባረረው ካቶሊካዊው ጳጳስ ማስያስ በኢትዮጵያ ኑሮው ወንጌል ከመስበኩ ጋር የፈንጣጣ ክትባት ይሰጥ ነበር። መከተቡ እምነቱን አላጎደለበትም።

ለሌላው ወገን ግን ፍርድ እንዳይጓደል። በዴቻ ወረዳ ባለችው ማንኪራ ቡናው ማንም ሳይተክለው በደኑ ውስጥ ይበቅላል። ደኑ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር መዝገቡ ያሰፈረው የካፋ ደን አካል ነው። ሳይዘራ የሚለቅም ሰው ሁሉ ነገር በእጄ ነው አይልም፤ ልክም ነው። መንገዱን ናዳ ቢዘጋው፣ ወንዝ ቢሞላ ላስቲክ የቀየረውም ያልቀየረውም እኩል ይቆማል። ለዚያ ጸሎት አለ። የላስቲኩ ጉዳይ ግን ከዚያ ወገን አይደለም፤ ለሰው የተሰጠ ድርሻ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉም ይህን አያስቀረውም፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ያው መጋጠሚያና ያው ላስቲክ አለው። ስለዚህ ወደ ማንኪራ ከመውረድዎ በፊት መሪውን ጥግ ድረስ ያዙሩና ከጎማው ጀርባ በባትሪ ይመልከቱ። ግራሶ ተረጭቶ ካዩ ጉዞውን ለነገ ያሳድሩት።